«ለሙከራ ብቻ ነው» እያሉ ቤት ለቤት ቫኪዩም ከሚሸጡ ተጠንቀቁ

ይህን የምጽፈው በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ለምትኖሩ ወገኖቼ፣ በተለይም ወላጆቻችሁ ቀን ቀን ብቻቸውን ቤት ለሚውሉባችሁ ነው። «ስልክዎን ያገኘነው ከጓደኛዎ ነው፤ አንድ ክፍል በነጻ እናጸዳልዎታለን» እያሉ የሚደውሉት የቫኪዩም ሻጮች አሁን አማርኛ የሚናገሩ ልጆች ቀጥረው በየአፓርታማችን እየዞሩ ነው። አመጣጣቸውን አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ ትልቁን ካርቶን፣ ጥቁሩን ጨርቅ፣ በስልክ የሚጠየቀውን «ማናጀር» የማያውቅ ያለ አይመስለኝም። ስለዚህ እሱን አላስረዝምም። በዚህ ሳምንት በእኔ ሳሎን ውስጥ የተፈጸመውን ግን ንዴቴ ሳይበርድ ልጽፈው እፈልጋለሁ።

የመጣው ልጅ የታናሽ ወንድሜ እኩያ ነው። ጫማውን በር ላይ አውልቆ ገባ፤ ለእናቴ ጎንበስ ብሎ «እማማ፣ እንደምን ዋሉ» ብሎ ሳማት፤ ቡና ሲቀርብለትም እስከ ቶናው ጠጣ። ከዚያ የእኛን አሮጌ ቫኪዩም ምንጣፉ ላይ አንድ ሁለት ጊዜ አስኪዶ አስቀመጠውና፣ በእሱ ማሽን ከረጢት ቦታ ላይ ትንሽ ጥቁር ጨርቅ እየገጠመ፣ ያንኑ ቦታ ደጋግሞ ጠረገው። አቧራ የያዘውን እያንዳንዱን ጨርቅ ከእናቴ እግር ሥር በረድፍ ደረደረ። እናቴ አስም እንዳለባት ቀደም ብሎ ጠይቆ አውቆ ነበር፤ ጨርቆቹን እያሳየ «እማማ፣ ሌሊት የሚያፍንዎት ይኸው ነው» አላት። እናቴ ጨርቆቹን አይታ መቀነቷን ወደ አፍንጫዋ ስትወስድ ማየቴ ከገንዘቡ በላይ ያቃጥለኛል።

ይህ ትርኢት ስለ ማሽኑ ጥራት የሚያረጋግጠው ነገር እንደሌለ መታወቅ አለበት። ሰው የሚኖርበት ምንጣፍ ሁሉ በቃጫው ሥር አቧራ ይይዛል፤ ንጹሕ ጨርቅ ተገጥሞለት ቦታውን ደጋግሞ የሚስብ ማናቸውም ደህና ማሽን የተወሰነውን ያወጣዋል። ውድድሩ ትክክል የሚሆነው የእነሱ ማሽን መጀመሪያ ጠርጎ፣ የእኛው ደግሞ አዲስ ከረጢት ተደርጎለት ያንኑ ጨርቅ እየገጠምን በተከታይነት ቢሞከር ነበር። እንዲያ እንዲያደርግ ጠይቄው «ሌላ ቀጠሮ አለብኝ፣ ጊዜ የለኝም» አለኝ፤ ከዚያ በኋላ ግን ስለ ክፍያው ለማውራት የሚበቃ ሰፊ ጊዜ ነበረው።

ሞተሩ «አምስት የፈረስ ጉልበት» እንዳለውም ነገረን። ማሽኑን ገልብጬ ሆዱ ላይ የተለጠፈችውን ትንሽ ሠሌዳ ሳነብ 120 ቮልት፣ 12 አምፔር ይላል፤ ይህም 1,440 ዋት ማለት ነው። አንድ የፈረስ ጉልበት 746 ዋት ስለሆነ ሁለት እንኳን አይሞላም። በዚህ አገር የተለመደው ባለ 15 አምፔር የግድግዳ ሶኬት ቢበዛ የሚሰጠው 1,800 ዋት ነው፤ አምስት የፈረስ ጉልበት ከዚያ ሶኬት ሊወጣ አይችልም። ደግሞም ዋት ማሽኑ የሚበላውን ኤሌክትሪክ እንጂ አቧራ የመሳብ ኃይሉን አይናገርም። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2014 1,600 ዋትና ከዚያ በላይ የሆኑትን፣ በ2017 ደግሞ 900 ዋትና ከዚያ በላይ የሆኑትን አዳዲስ ቫኪዩሞች ከገበያ ሲያግድ የአውሮፓ ቤቶች አቧራ አልወረሳቸውም፤ አምራቾቹ የአየር መተላለፊያውንና የመጥረጊያውን አፍ አሻሽለው በትንሽ ኃይል መሥራትን ተማሩ። ስለ ማጣሪያውም እንዲሁ ነው። ትክክለኛው ሄፓ፣ ማለትም ጥቃቅን ብናኝ የሚያስቀረው የአየር ማጣሪያ፣ 0.3 ማይክሮን ከሚያህሉ ብናኞች ቢያንስ 99.97 በመቶውን ማስቀረት አለበት፤ በልጁ ወረቀት ላይ የሰፈረው ግን «የሄፓ ዓይነት» የሚል ነው፤ ይህ አባባል ምንም መለኪያ አያስገድደውም።

ውድ ዕቃ ሁሉ ማታለያ ነው ማለቴ አይደለም። ጄምስ ዳይሰን ከረጢት የሌለውን ማሽኑን እስኪያገኝ ድረስ 5,127 የሙከራ ናሙናዎች እንደሠራ ይታወቃል፤ ለእንዲህ ያለ ድካም ዋጋ ቢጠየቅ አይገርመኝም፤ ዋጋውም በየሱቁ ተለጥፎ ይታያልና ከሌላው ጋር አስተያይቼ መግዛት ወይም መተው እችላለሁ። ቤት ለቤት የሚሸጠው ማሽን ግን የተለጠፈ ዋጋ የለውም። ብዙውን ጊዜ አምራቹ ለአከፋፋይ ይሸጣል፣ አከፋፋዩ እንደፈቀደ ዋጋ ይቆርጣል፣ ሻጩ ደግሞ በኮሚሽን ይኖራል፤ አቤቱታ ሲነሣ አምራቹ «አከፋፋዩ ራሱን የቻለ ድርጅት ነው» ብሎ እጁን ይታጠባል። በእኔ ቤት ዋጋው በ3,400 ዶላር ተጀመረ። ልጁ «ማናጀሩ» ጋር ደውሎ በእንግሊዝኛ ከተለማመጠ በኋላ «ለሀበሻ ተብሎ»፣ አሮጌውም ተይዞ፣ 2,490 ሆነ። እኔም ዛሬ አንገዛም፣ ባለቤቴ ሲመጣ እንመካከራለን ብዬ ቁርጡን ነገርኩት።

ክህደቱ የተፈጸመው በዚህ ጊዜ ነው። ልጁ ምንም ቅሬታ ሳያሳይ «እንግዲያው እትዬ፣ ማሽኑ እዚሁ ይቆይና ይሞክሩት፤ ጋሼም ይየው» አለኝ። ከዚያ ታብሌቱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ገጹን በጣቱ ወደ ታች፣ ወደ ታች ገፋው፤ ወደ እኔ ሲያዞረው የሚታየው የፊርማው ሣጥን ብቻ ነበር። «ይህ የግዢ ውል ነው ወይ?» ብዬ በግልጽ ጠየቅሁት። «አይደለም እትዬ፣ ለሙከራ ብቻ ነው፤ ማሽኑ እርስዎ ዘንድ መሆኑን ማረጋገጫ ነው፤ ካልወደዱት ራሴ መጥቼ እወስደዋለሁ» አለኝ። የሶሻል ሴኪዩሪቲ ቁጥር ለምን አስፈለገ ብዬ ስጠይቀው ዕቃው ውድ ስለሆነ ኩባንያው ማን ዘንድ እንዳለ ማወቅ አለበት የሚል መልስ ሰጠኝ። እናቴ ረከቦቱ አጠገብ ተቀምጣ ስትሰማ ቆይታ «ልጄ፣ ኋላ እንዳታስቸግረን» አለችው። እሱም ወደ እሷ ዞሮ፣ ዓይን ዓይኗን እያየ፣ «እማማ፣ እኔም እኮ እናት አለችኝ» አላት። ከዚህ ቃል በኋላ ፈረምኩ። ሲወጣ አሮጌውን ቫኪዩማችንን «ቢሮ አጽድተን እንመልስልዎታለን» ብሎ ይዞት ሄደ።

ያን ዕለት ማታ በኢሜይል የደረሰኝ ሙሉ የግዢ ውልና ከአንድ አበዳሪ ድርጅት ጋር የተገባ የብድር ስምምነት ነው። አሮጌው ማሽናችን «በለውጥ የተሰጠ» ተብሎ ተመዝግቧል። ስለ ሙከራ አንድም ቃል የለበትም።

በማግስቱ ቢሮአቸው ስደውል ያነሣችው ሴት ንግግሬን እስክጨርስ እንኳን አልጠበቀችም። «ፊርማው የአንቺ ነው ወይስ አይደለም?» ብላ ጠየቀችኝ፤ የእኔ ነው ስላት «ታዲያ እንግሊዝኛ የማታነቢ ከሆነ ለምን ትፈርሚያለሽ?» ብላ አጠገቧ ካለ ሰው ጋር ስትስቅ ሰማሁ። ቀጥላም ካርቶኑ ስለተከፈተ ውሉ አይሰረዝም አለችኝ፤ ካርቶኑን የከፈተው የራሳቸው ሻጭ ነው! ልጁ ጋር ስደውል «እማማ» ሲል የነበረው አንደበት ተለውጦ «እኔ ሥራዬን ነው የሠራሁት፤ ማንበብ የእርስዎ ፈንታ ነበር» ብሎ ዘጋብኝ።

ይህን ንግድ ይበልጥ የሚያሳፍረው የዚህ ዕቃ አጀማመር ነው። ጄምስ መሪ ስፓንግለር በኦሃዮ ካንተን ከተማ የአንድ ትልቅ መደብር ጽዳት ሠራተኛ ነበር፤ አስም ስለነበረበት፣ የሚጠርገው ምንጣፍ አቧራ ሲያፍነው፣ አቧራውን በከረጢት የሚይዝ የኤሌክትሪክ መጥረጊያ ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1908 የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ። መብቱን የገዛው የሁቨር ድርጅትም በዚያው ዓመት ማሽኑን በመጽሔት ሲያስተዋውቅ ለደንበኛው የ10 ቀን ነጻ ሙከራ ሰጠ፤ ሰው በቤቱ ሞክሮ ካላመነበት ይመልሰዋል። አስመኛ ሰው ለትንፋሹ ሲል የሠራውን ዕቃ እነዚህ ሰዎች አስመኛ እናት ማስፈራሪያ፣ በመተማመን የተጀመረውንም ሙከራ የብድር ማስፈረሚያ አደረጉት።

ሕጉን ያነበብኩት ከዚህ በኋላ ነው፤ እናንተ አስቀድማችሁ እወቁት። በፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ደንብ መሠረት በቤታችሁ የተፈጸመ 25 ዶላርና ከዚያ በላይ የሆነ ሽያጭ እስከ ሦስተኛው የሥራ ቀን እኩለ ሌሊት ድረስ ያለ ምንም ምክንያት ሊሰረዝ ይችላል። ቅዳሜ እንደ ሥራ ቀን ይቆጠራል፤ እሑድና የፌዴራል በዓላት አይቆጠሩም። ሻጩ ይህን መብት በቃል የመንገር፣ የመሰረዣውንም ቅጽ በሁለት ቅጂ የመስጠት ግዴታ አለበት። ውሉም ሽያጩ በዋናነት በተካሄደበት ቋንቋ መጻፍ አለበት፤ ስለዚህ በአማርኛ አግባብቶ በእንግሊዝኛ ማስፈረም ራሱ ደንቡን መጣስ ነው። ስትሰርዙም የከፈላችሁት ገንዘብና በለውጥ የሰጣችሁት ዕቃ በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ ሊመለስላችሁ ይገባል።

እኔ የስረዛውን ደብዳቤ ጊዜው ሳያልፍ በሰርቲፋይድ ሜይል ልኬያለሁ፤ ለሜሪላንድ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ የሸማቾች ጥበቃ ክፍልም አቤቱታ አስገብቻለሁ። ሻጩ ግን እስካሁን አልተቀበለኝም፤ አበዳሪውም ከሻጩ ካልተነገረኝ የመጀመሪያውን ክፍያ አላቆምም ብሏል። እናንተ ዋጋውን በጽሑፍ ሳታዩ በር አትክፈቱ፤ የራሳችሁን አሮጌ ማሽን ከቤት አታስወጡ፤ ወላጆቻችሁም የሶሻል ሴኪዩሪቲ ቁጥራቸውን ለማንም እንዳይሰጡ ዛሬውኑ ንገሯቸው። በእነዚሁ ሰዎች የተፈረመባችሁ ካላችሁም የውሉን ቅጂ ይዛችሁ ለዚያው ክፍል አመልክቱ።