ሴሊካዬን ለቀቡልኝ ጋሼ፣ ከልብ አመሰግናለሁ

እንደምን ከረማችሁ። ዛሬ የምጽፈው አንድ ባለሙያ ላመሰግን፣ መኪናውን ለሚወድ ሰው ሁሉም ልጠቁም ነው። አዲስ አበባ ሳሪስ አካባቢ የሚሠሩ የመኪና ቀለም ባለሙያ ናቸው። ስማቸውን በአደባባይ እንዳላወጣው ጠይቀውኛል። ስለዚህ እኔም እንደ ሠፈሩ ልጆች ጋሼ እላቸዋለሁ።

መኪናዬ የ1992 ሞዴል ቶዮታ ሴሊካ ናት። ሁለት በር ያላት፣ ዝቅ ያለች፣ የፊት መብራቷ ሲበራ ከተደበቀበት ብቅ የሚል። በጣም ነው የምወዳት። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ከውጭ እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ እንደሷ ያለችውን ለመተካት ማሰብም ከባድ ነው። ያለንን ጠብቀን መያዝ አለብን።

ከዓመታት በፊት ሌላ ጋራዥ ተቀብታ ነበር። ስትወጣ ታብለጨልጭ ነበር፣ አልዋሽም። ብዙም ሳይቆይ ግን ኮፈኑና ጣሪያው ላይ ክሊሩ፣ ማለትም ከቀለሙ በላይ የሚደረበው ግልጽ ሽፋን፣ ነጭ ነጭ እያለ ይላጥ ጀመር። ከኋላ ጎማ በላይ ደግሞ ስቱኮው (የላሜራ ጉድለት የሚሞላበት ልጥፍ) አብጦ ተሰነጠቀ፤ ከሥሩ ዝገት ወጣ። ያኔ የከፈልኩት ብር አሁንም ያንገበግበኛል።

ጋሼ ጋ ስሄድ ዋጋ ከመናገራቸው በፊት መኪናዋን ፀሐይ ላይ አስቆሟት። ላሜራውን በጣታቸው እያንኳኩ ዞሯት። ከዚያ ትንሽ ማግኔት ከኪሳቸው አወጡ። በሩ ላይ ጥብቅ የሚለው ማግኔት የኋላው ጎማ ጋ ሲደርስ ወደቀ። እዚያ ጋ ያለው ላሜራ ሳይሆን ወፍራም ስቱኮ ነበር። «ልጄ፣ ይሄ ሳይፋቅ እኔ ቀለም አላስነካትም» አሉኝ። «ሌላ ሰው ሊቀባልሽ ይችላል። እኔ ግን አላደርገውም።»

የወደድኳቸው ያኔውኑ ነው።

የበሰበሰው ላሜራ ተቆርጦ ወጣ። ባትላሜራው (የላሜራ ሠራተኛው) አዲስ ቆርጦ በየደበት። አንቲረስት (የዝገት መከላከያ) ተቀባ፤ ስቱኮው በስሱ ብቻ ተለቀለቀ። ይሄ ሁሉ ከቀለም ሥር የሚቀር ሥራ ነው፣ ማንም አያየውም። እሳቸው ግን እያንዳንዱን ቦታ ከመሸፈናቸው በፊት ደውለው ይጠሩኛል። መምጣት ያልቻልኩ ቀን ፎቶ ይልኩልኛል። በዚህ ሙያ ደንበኛን እንዲህ የሚያከብር ሰው ከዚህ በፊት አላጋጠመኝም።

ወደ ቀለሙ ልምጣ። እኔ የፈለግሁት ጥቁር ሰማያዊ ሆኖ ፀሐይ ሲያገኘው ፐርሉ (እንደ ዕንቁ የሚያብረቀርቀው) የሚታይ ዓይነት ነው። ይሄ በሦስት ደረጃ ነው የሚቀባው፦ ከሥር መሠረቱ ቀለም፣ መሀል ፐርሉ፣ ከላይ ክሊሩ። አስቸጋሪው መሀለኛው ነው። ፐርሉ አንድ ዙር በተጨመረ ቁጥር መልኩ ይለወጣል። አንዱ በር ሁለት ዙር፣ ሌላው ሦስት ዙር ከተረጨ ሁለት የተለያየ መኪና ይመስላል። ጋሼ ትንንሽ ላሜራዎች ላይ ሁለት፣ ሦስትና አራት ዙር ረጭተው፣ ክሊር ደርበው፣ ጥላም ፀሐይም ላይ አሳዩኝ። ሦስት ዙሩን መረጥኩ። ከዚያ በኋላ በሮቹ፣ ኮፈኑ፣ የመብራቶቹ ክዳን ሳይቀር እኩል ሦስት ዙር ተረጩ። ባምፐሮቹ ፕላስቲክ ስለሆኑ ቀለሙ እንዲይዝ መጀመሪያ ለፕላስቲክ የሚሆን ማያያዣ ተቀቡ።

ስለ ክሊሩ ትንሽ ልበል፤ ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። ክሊር ለማብለጭለጭ ብቻ አይደለም። ከሥሩ ያለውን ቀለም ከፀሐይ የሚጠብቀው እሱ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ የፀሐዩ ጨረር ከቆላው ይበረታል፤ ቀድሞ የሚቀምሰውም ኮፈንና ጣሪያ ነው። ክሊሩ በቲነር ከቀጠነ ወይም አብሮት የሚደባለቀው ማድረቂያ በዓይን ግምት ከተጨመረ ዕድሜው ያጥራል። ጋሼ የመለኪያ መስመር ባለው ዕቃ ነው የሚያዘጋጁት። እሳቸው የተጠቀሙት ክሊር ሁለት እጅ ለአንድ እጅ ማድረቂያ ነበር። ቆርቆሮው ላይ የተጻፈውን አስነብበውኛል።

አንድ ቀን ሁሉ ነገር ተዘጋጅቶ ሰማዩ ጠቆረ። መርጫውን አስቀምጠው «ዛሬ አይሆንም» አሉ። እርጥበት ክሊሩን ያደበዝዘዋል። ለመርጫው አየር በሚሰጠው ኮምፕሬሰር ውስጥ የተጠራቀመውንም ውኃ ሁልጊዜ ሳያፈሱ አይጀምሩም። ረዳቶቻቸው ደግሞ ማጣሪያ ያለው ማስክ ሳያደርጉ ወደ መቀቢያው ክፍል አይገቡም። ማድረቂያው ውስጥ ያለው አይሶሳያኔት የሚባል ኬሚካል ሳንባ ይጎዳል። በየጋራዡ አፋቸውን በጨርቅ ብቻ ሸፍነው የሚረጩ ልጆች ስላየሁ ይሄ ነገር ልቤን ነካው።

ከደረቀ በኋላ የብርቱካን ልጣጭ የሚመስለውን ሸካራ ገጽ በውኃና በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሱት፤ በ1500፣ በ2000፣ ከዚያ በ3000 ቁጥር። መጨረሻ ላይ ፖሊሽ ተደረገ። መኪናዋ ስትወጣ ጠዋት ጥቁር ናት፣ ቀትር ላይ ሰማያዊ ናት። መንገድ ላይ አስቁመው የት አስቀባሽ የሚሉኝ ሰዎች ስለበዙ ነው ይሄን መጻፌ።

እውነቱን ለመናገር ዋጋቸው ርካሽ አይደለም። ቶሎ ለሚፈልግ ሰውም አይሆኑም፤ ከቀጠርኩት በላይ ጠብቄያለሁ። ግን የዕቃውን ደረሰኝ በሙሉ ሰጥተውኛል። የተረፈውን ቀለምም ለወደፊት ጭረት እንዲሆን በትንሽ ጠርሙስ አሽገው አስረክበውኛል። ለሁለት ወር ሰም እንዳላስቀባ፣ የወፍ ኩስ ሲያርፍባት ቶሎ እንዳጥብ ነግረውኛል። ቀለሙ ስለተቀየረ ሊብሬው ላይ እንዲስተካከል ያስታወሱኝም እሳቸው ናቸው።

ጋሼ፣ ይሄን ልጅዎ እንደሚያነብልዎ አውቃለሁ። እጅዎ ይባረክ። ረዳቶችዎንም በጣም አመሰግናለሁ፤ በተለይ የመብራቱን ክዳን ጠርዝ በእጁ ሲያለሰልስ የዋለውን ልጅ።

ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እልካለሁ። ክረምት ላይ ብዙም አይረጩም፤ ከመስከረም በኋላ ለማስቀባት ካሰባችሁ ከአሁኑ ተራ ያዙ።