ድንቹን እዘዙ፦ ከደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ በር አቅራቢያ ያለ የቻይና ምግብ ቤት

ደብረ ብርሃን ላይ ድንች በልተህ ትደነቃለህ ያለኝ ሰው ቢኖር አላምነውም ነበር። ድንች ለእኛ የብርድ ቀን ጓደኛ ነው። አልጫ ይሆናል፣ ከጎመን ጋር ይሠራል፣ መንገድ ዳር ተቀቅሎ በሚጥሚጣ ይበላል። ከዩኒቨርሲቲው በር አቅራቢያ በተደረደሩት ጠባብ ምግብ ቤቶች ውስጥ ግን አንዱ፣ ሰሌዳው ላይ በቀይ ቀለም «የቻይና ምግብ» ብቻ የሚል ጽሑፍ ያለበት፣ ድንቹን እንደ ክር ከትፎ በደረቅ በርበሬና በአቼቶ ጠብሶ ያቀርባል። 140 ብር ነው። አንዱን ሰሃን ጨርሼ ሁለተኛ አዘዝኩ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ተመልሻለሁ።

የወሰደችኝ የእህቴ ልጅ ናት። የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ናት፤ ዘንድሮ ከግቢው ካፌ ወጥታ ነን ካፌ ስለሆነች በስንት ብር የት እንደሚጠገብ አብጠርጥራ ታውቃለች። ማክሰኞ ምሽት ልጠይቃት ሄጄ «የት ልጋብዝሽ?» ስላት፣ «ጋሼ፣ ቻይና ቤት እንሂድ» አለችኝ። በልቤ ኪሴን ቆጠርኩ። አዲስ አበባ ውስጥ የቻይና ምግብ የበላሁት ሰው ሲጋብዘኝ ብቻ ነበር፤ ሒሳቡም ሲመጣ አይቼዋለሁ። እሷ ግን የዶርም ጓደኛዋን ጭምር ጠርታ አስከተለችኝ። ሦስታችን በልተን፣ ሻይም ጠጥተን የከፈልኩት ለአንድ ሰው እንኳ ይበቃል ብዬ ካሰብኩት ያነሰ ነበር።

ቤቱ ስድስት ጠረጴዛዎችና ጀርባ የሌላቸው አግዳሚ ወንበሮች አሉት። ግድግዳው ላይ አንድ ቀይ ፋኖስ ከመሰቀሉ በስተቀር ከጎረቤቶቹ ሽሮ ቤቶች አይለይም። በሩ አይገጥምም፤ ከበሩ አጠገብ የተቀመጠ ሰው የደብረ ብርሃንን ነፋስ ከምግቡ ጋር ይበላል። ወደ ውስጥ፣ ወደ ማብሰያው ተጠጉ። ሙቀቱ ያለው እዚያ ነው፤ መታየት የሚገባውም ነገር ያለው እዚያው ነው።

ማብሰያው በወገብ ቁመት ግንብ ብቻ ስለተከለለ ሁሉም ነገር ይታያል። ባለቤቷና ምግብ አብሳይዋ አንድ ሰው ናቸው፤ ተማሪዎቹ «እትዬ» ይሏቸዋል። የሰሜን ሸዋ ሰው ናቸው። ሙያውን ያገኙት መንገድ ይሠሩ በነበሩ ቻይናውያን ካምፕ ውስጥ፣ መጀመሪያ ዕቃ በማጠብ በኋላም በረዳት አብሳይነት ስድስት ዓመት ሠርተው እንደሆነ ነግረውኛል። ድንቹን ሲከትፉ ቆሜ አየሁ። በመጀመሪያ ከአንዱ ጎን ስስ ሽፋን ገሽልጠው ድንቹ እንዳይንከባለል በዚያ ጎኑ ያስቀምጡታል። ከዚያ በሰፊ ቢላዋ እንደ ወረቀት የሳሳ ቁራጭ በቁራጭ ላይ ይደርባሉ፤ የተደረበውን አጋድመው ደግሞ እንደ ክብሪት እንጨት፣ ከዚያም ባነሰ ቅጥነት ይከትፉታል። ቢላዋው ከእንጨቱ ላይ ብዙም አይነሳም። ጣቶቻቸው ወደ ውስጥ ታጥፈው ወደ ኋላ እየሸሹ ቢላዋውን ይመራሉ። የተከተፈው ውሃ ውስጥ ይገባል፤ ውሃው ነጭ ይሆናል፣ ይደፋል፣ በሌላ ይተካል፣ እንደገና ይደፋል። ነጩ ነገር የድንቹ ስታርች ነው። ያ ካልታጠበ ድንቹ መጥበሻው ላይ ተጣብቆ ገንፎ ይሆናል።

ቀሪው ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ሆዱ የጎደጎደው ትልቅ የብረት መጥበሻ ጭስ እስኪያወጣ ይግላል። ዘይት፣ ደረቅ በርበሬ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቀጥሎ ድንቹ ይገባና እሳቱ መጥበሻውን እስከ ከንፈሩ እየላሰው በፍጥነት ይገለባበጣል። መጨረሻ ላይ ጨውና አቼቶ፣ ጥቂት የቃሪያ ስንጥር፣ አለቀ። ሰሃኑ ሲመጣ ድንቹ እርስ በእርሱ ሳይጣበቅ ያበራል። በጥርስ ሲነከስ ይሰበራል፤ መጀመሪያ ጎምዘዝ ይላል፣ ቀጥሎ የበርበሬው ትኩሳት ይመጣል፣ በመጨረሻ የድንቹ የራሱ ጣፋጭነት አፍ ውስጥ ይቀራል።

መጀመሪያ ስቀምሰው «አልበሰለም እንዴ?» ብዬ ነበር። «በስሏል ጋሼ፣ እንዲህ ነው የሚበላው» አለች የእህቴ ልጅ። ልክ ናት። አቼቶው ለጣዕም ብቻ አይደለም የሚገባው፤ ኮምጣጣ ነገር ድንች ቶሎ እንዳይልም ያደርገዋል። እኛ ድንችን የምንወደው አፍ ውስጥ ሲሟሟ ነው። ቻይናውያን በዚህ ምግብ የሚፈልጉት ደግሞ ሲሰበር የሚሰማውን ድምፅ ነው። ድንች ለሁለታችንም ከደቡብ አሜሪካ የመጣ እንግዳ መሆኑን ሳስብ ይገርመኛል። ወደ ኢትዮጵያ ያስገባው እ.ኤ.አ. በ1858 ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሺምፐር እንደሆነ ይነገራል። ዛሬ በዓለም ላይ ብዙ ድንች የምታመርተው አገር ቻይና ናት። በርበሬም ቢሆን ለእኛም ለእነሱም ከዚያው ከአሜሪካ ምድር የተገኘ ነው። አንድ ዓይነት እንግዳ ተቀብለን እኛ ወጥ ሠራንበት፣ እነሱ እንዲህ ጠበሱት።

ስለ አንድ ቅመም አስቀድሜ ላስጠንቅቅ። ድንቹ ውስጥ እንደ ቁንዶ በርበሬ ያሉ፣ ግን ቀላ ያሉና አፋቸው የተከፈተ ፍሬዎች ታገኛላችሁ። የዶርም ጓደኛዋ አንዱን ስትነክስ ደንግጣ «ምላሴ ደነዘዘ!» አለች። ይህ የሲቹዋን ቁንዶ በርበሬ የሚባለው ነው። በስሙ ቁንዶ በርበሬ ይባል እንጂ የሎሚና የብርቱካን ዘመድ ነው፤ ሥራውም ማቃጠል ሳይሆን ማደንዘዝ ነው። ድንዛዜው ትንሽ ቆይቶ ይለቃል። ፍሬውን ወደ ሰሃኑ ጥግ ማውጣት ይቻላል፤ መዓዛውን ለዘይቱ ሰጥቶ ጨርሷል። እትዬ ከአዲስ አበባ ነው የሚያስመጡት፤ ሲያልቅባቸው ያለ እሱ ይሠራሉ። ሁለተኛ ቀን የሄድኩት ባለቀበት ቀን ነበርና ድንቹ ጥሩ ቢሆንም የመጀመሪያው ቀን ድንች አልነበረም። ከማዘዛችሁ በፊት ጠይቁ።

ሩዙን በተመለከተ ግን ቅሬታ አለኝ። በመጀመሪያው ምሽት የመጣልን ሩዝ ከላይ ለስላሳ፣ ከውስጥ ግን ፍሬው ጠጣር ነበር። ይህ የእትዬ ጥፋት ብቻ አይደለም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው በመቶ ሳይሆን በ90 ዲግሪ አካባቢ ነው። ድስቱ ይንፈቀፈቃል፣ ክዳኑ ይዘላል፤ ውሃው ግን ቆላ ላይ ከሚፈላው ውሃ ይቀዘቅዛል። ባቄላና ሽምብራ ደጋ ላይ ማገዶ የሚፈጁት ለዚህ ነው። ዘይት ግን ከፍታ አያግደውም፤ እዚህም እንደ ሌላው ቦታ እስከሚጨስ ድረስ ይግላል። ስለዚህ የዚህ ቤት ጥብስ ሁሉ ጥሩ፣ በውሃ የሚበስለው ግን አንዳንዴ ጎደሎ መሆኑ አልገረመኝም። ይህንኑ ለእትዬ ስነግራቸው ክዳኑ የሚቆለፍ የእንፋሎት ድስት እንዳላቸው፣ ነገር ግን ምሽት ላይ ሰው ሲበዛ በተራው ድስት እንደሚሠሩ ነገሩኝ። ቀን ላይ የበላሁት ሩዝ በእርግጥም የተለየ ነበር። ሩዝ የሚወድ ምሳ ሰዓት ላይ ይሂድ።

እንቁላል በቲማቲም 180 ብር ነው። በቻይና በየቤቱ የሚሠራ ተራ ምግብ ሲሆን ለእኛም አፍ ባዳ አይደለም። ከእኛ ፍርፍር የሚለየው እንቁላሉ ለብቻው በብዙ ዘይት ተጠብሶ፣ ገና ለስላሳ ሳለ ወጥቶ፣ ቲማቲሙ ቀልጦ መረቅ ሲሆን መመለሱ ነው። ጥቂት ስኳር ይገባበታል። እኔ ስኳሩን አልወደድኩትም፤ ልጆቹ ግን ሰሃኑን በሩዝ ጠርገው በሉት። በእንጀራም ይቀርባል፤ ከጎናችን የተቀመጡ ተማሪዎች በእንጀራ ሲበሉት አይቻለሁ። ጥቅል ጎመኑም በዚያው እሳት የሚጠበስ፣ ከዳር ከዳሩ ጠቆር ያለ፣ በሶያ ሶስ የተቀመመ ጥሩ ምግብ ነው።

የኑድል ሾርባው 190 ብር ሲሆን የብርድ ምሽት ምግብ ነው። ከፋብሪካ የመጣ ፈጣን ኑድል አይደለም። ሊጡ በቤቱ ተለውሶ፣ አርፎ፣ ተዳምጦ፣ ታጥፎ በቢላዋ ይቆረጣል፤ ክሩ ወፍራምና ያልተስተካከለ ነው፣ ስታኝኩት ይታገላችኋል። መረቁ ከአጥንት የወጣ፣ ዝንጅብሉ ጉሮሮን የሚያሞቅ ነው። ሳህኑን በሁለት እጄ ይዤ መረቁን እስከ መጨረሻው ጠጥቻለሁ።

ጣፋጭና ጎምዛዛ የሚባለውን ዶሮ ግን ተዉት። 320 ብር፣ ከዝርዝሩ ውድ የሆነው ነው፤ ሊጡ በመረቁ ርሶ ልሟል፣ ቀለሙም ከተፈጥሮ ውጭ ቀይ ነው። ከዶሮው ይልቅ ስኳሩ ይሰማል። ተማሪ በልደቱ ቀን ገንዘብ አጠራቅሞ የሚያዘው ይህንን ስለሆነ ነው አጥብቄ የምናገረው። በዚያው ብር ድንቹንና እንቁላሉን አዝዛችሁ ለሁለት ጥገቡ።

ጾምን በሚመለከት መናገር ያለብኝ ነገር አለ። በሁለተኛው ቀን የሄድኩት ረቡዕ ነበር። የጾም ኑድል አዝዤ ሾርባው ሲመጣ ሽታው ዶሮ ዶሮ አለኝ። አስተናጋጁን ስጠይቀው ሥጋ የለበትም አለ። ወደ እትዬ ሄጄ ስጠይቅ መረቁ ውስጥ የዶሮ ማጣፈጫ ዱቄት እንደገባ ታወቀ፤ አዲስ የተቀጠረችው ረዳት ሳታስብ ጨምራው ነበር። እትዬ ደነገጡ። ሾርባውን አንስተው፣ ገንዘቡን አልቀበልም ብለው፣ በሌላ መጥበሻ ቶፉ በጎመን ሠርተው አቀረቡልኝ። ቶፉው እንደ አይብ የረጋ የአኩሪ አተር ወተት ነው፤ ለጾመኛ ከዚህ የተሻለ ነገር በአካባቢው አላየሁም። ሆኖም ጾም ለሚጾም ሰው ይህ ቀላል ስሕተት አይደለም፣ በተለይ የሑዳዴ ሰሞን ይህን ሁሉ ተማሪ ለሚመግብ ቤት። በሦስተኛው ቀን ስሄድ «ጾም» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት መጥበሻ ለብቻው ተሰቅሎ አየሁ፤ የማጣፈጫ ዱቄቱም ዕቃ ከማብሰያው ወጥቷል። ተናግሬ መሰማቴ ደስ ብሎኛል። የአሳማ ሥጋ ቤቱ ውስጥ ከቶ አይገባም፤ ይህንንም በር ላይ ለጥፈውታል።

አስተናጋጆቹ ተማሪዎች ናቸው መሰለኝ፤ ትሑት ናቸው፣ ሰው ሲበዛ ግን ትእዛዝ ይረሳሉ። የእጅ መታጠቢያው ውሃ አጥንት ይሰብራል። አንድ ፔርሙዝ ሙቅ ውሃ ከጎኑ ቢቀመጥ ደብረ ብርሃን ላይ ትልቅ መስተንግዶ ነበር፤ ይህንንም ነግሬያቸዋለሁ፣ እስካሁን ግን አላየሁም።

ስትሄዱ ብቻችሁን አትሂዱ። ሰሃኖቹ መሐል ተቀምጠው በጋራ የሚበሉ ናቸው፤ ለብቻው አንድ ሰሃን የያዘ ሰው የአንዱን ጣዕም ብቻ ይዞ ይነሣል። እኛ በመጀመሪያው ምሽት ድንች፣ እንቁላል በቲማቲምና ሦስት ሩዝ እያንዳንዱን በ40 ብር አዝዘን 440 ብር ሆነ፤ ለአንድ ሰው ከ150 ብር በታች ማለት ነው። ሁለተኛው ድንች የእኔ ስስት ነበር። የቻይናውያን መብያ የሆኑትን ሁለቱን የእንጨት ዘንጎች መያዝ ያልቻለ ሹካ ይሰጠዋል። የእህቴ ልጅ በዘንጎቹ ቀጭኑን ድንች አንሥታ አጎረሰችኝ፤ አንድም ክር አልወደቀባትም።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከዝርዝሩ ላይ የሌለ ነገር አለ። እትዬ በስስ ሊጥ ውስጥ ጎመንና ባሮ ሽንኩርት፣ በፍስክ ቀን ሥጋም ጨምረው፣ ጫፉን በጣት እያጠፉ ይዘጉና በእንፋሎት ያበስሉታል። በሦስተኛው ጉብኝቴ ስምንት ሰዓት ላይ ደርሼ የመጨረሻዎቹን አምስት አገኘሁ። የሊጡ እጥፋት በእያንዳንዱ ላይ እኩል ነበር፤ መረቁ ውስጡ ተይዞ ሲነከስ ይፈስሳል። ለሚቀጥለው ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ላይ እንደምንመጣ ነግሬያቸው ሃያ እንዲያስቀምጡልን ቀብድ ከፍያለሁ።