መሀል ከተማ ሰርቪስ ቤት ወይስ ዳር ያለ ኮንዶሚኒየም? ለአዲስ አበባ ተከራዮች የቀረበ ንጽጽር

በአዲስ አበባ በወር ደመወዝ የሚተዳደሩ ባልና ሚስት ልጆቻቸውን ይዘው ቤት ሲፈልጉ፣ ደላላው የሚያሳያቸው በአብዛኛው ከሁለት ዓይነት አይወጣም። አንደኛው ወደ መሀል በቀረበ ሰፈር፣ አከራዩ ራሱ በሚኖርበት ግቢ ውስጥ ያለ ሰርቪስ ቤት ሲሆን፣ ሁለተኛው እንደ ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱና ቦሌ አራብሳ ባሉ ዳርቻዎች የሚገኝ ኮንዶሚኒየም ነው። በ1967ቱ አዋጅ ቁጥር 47 ወደ መንግሥት እጅ የገቡት የቀበሌና የኪራይ ቤቶች፣ ዋጋቸው ዝቅተኛ ቢሆንም ፈልጎ የሚያገኛቸው ጥቂት ስለሆነ እዚህ አልተካተቱም።

በክፍል ብዛት ከተመዘነ ዳሩ ይበልጣል። መሀል ላይ አንድ ክፍል ሰርቪስ በሚያስገኝ ገንዘብ፣ ዳር ላይ ወጥ ቤትና መታጠቢያ ቤት ያለው የራስን በር ዘግቶ የሚኖርበት ኮንዶሚኒየም ማግኘት ይቻላል። ልዩነቱ ግን ታክሲ ላይ ሊያልቅ ይችላል። ሥራው መሀል ከተማ የሆነ ሰው ሁለት ታክሲ ይዞ ሄዶ ሁለት ይዞ ቢመለስ፣ በ22 የሥራ ቀናት 88 ጊዜ ይሳፈራል፤ ባልና ሚስት ሲሆኑ 176 ጊዜ ይሆናል። ይህን ቁጥር በሚሳፈሩበት መስመር ታሪፍ አባዝቶ ኪራዩ ላይ ሳይደምሩ ዳር ያለውን ቤት ርካሽ ነው ማለት ራስን መሸንገል ነው፤ በሰልፍ የሚያልፈው ጊዜ ደግሞ ገና አልተቆጠረም። በአንጻሩ ሥራቸው ቂሊንጦ ወይም ቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ለሆነ ቤተሰብ ስሌቱ ይገለበጣልና፣ ኮንዶሚኒየሙን ያለ ብዙ ማመንታት ቢመርጡ እመክራለሁ።

ሰርቪስ ቤት ውስጥ ትልቁ ጣጣ ቆጣሪ ነው። መብራቱ ከአከራዩ ጋር በጋራ ስለሚቆጠር፣ ገና ሲገቡ «ምጣድ አይቻልም» መባል የተለመደ ነው። እኔም በኖርኩበት አንድ ግቢ እንጀራ በየቀኑ እየገዛን ስንበላ ቆይተን፣ ወሩ ሲያልቅ ወጪው ካሰብነው በላይ ሆኖ አግኝተነዋል። እንግዳ የማሳደርና አምሽቶ የመግባት ነገርም በአከራዩ ፈቃድ ላይ ስለሚወድቅ አስቀድሞ መነጋገር ይበጃል። ኮንዶሚኒየም ለብቻው ቆጣሪ ሲኖረው ይህ ችግር አይኖርም፤ የራሱ ችግር ውኃ ነው። በፈረቃ የሚመጣው ውኃ አራተኛ ፎቅ ድረስ የሚገፋበት ኃይል ሲያጣ፣ ሊፍት በሌለው ሕንፃ ጀሪካን ተሸክሞ መውጣት ግድ ይላል። ስለዚህ ቤቱን ከማየት ባሻገር ጎረቤት አንኳኩቶ ውኃው በሳምንት ስንት ቀን፣ በስንት ሰዓት እንደሚመጣ መጠየቅ ያስፈልጋል። የጥበቃና የጽዳት መዋጮውም በወጪው ውስጥ ይግባ።

ውልን በተመለከተ ሁለቱም ቤቶች በመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ሥር ይወድቃሉ። በአዋጁ መሠረት ውሉ በጽሑፍ ሆኖ መመዝገብ አለበት፤ ዘመኑ ከሁለት ዓመት ማነስ፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ መብለጥ አይችልም። የኪራይ ጭማሪም ቢሆን በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ አይደረግም። ሆኖም ግቢ ውስጥ አብሮ የሚኖር አከራይ «እኛማ ቤተሰብ ነን» እያለ በቃል ብቻ ለመስማማት ሲሞክር ይታያል፤ ጨዋነቱ ደስ ቢልም ውሉን ማስመዝገብ አይቅር። በኮንዶሚኒየም በኩል ደግሞ ባለቤቱ ውጭ አገር ሆኖ ቤቱን ዘመድ የሚያከራይበት ጊዜ ብዙ ስለሆነ፣ ገንዘብ ከመክፈል በፊት ውክልናውን ተቀብሎ ማከራየትንና ኪራይ መቀበልን በግልጽ የሚፈቅድ መሆኑን ማንበብ፣ በላዩ የሰፈረውን ስምም ከቤቱ የባለቤትነት ሰነድ ጋር ማመሳከር ይገባል።