ለአዳማው የማሳጅ ባለሙያ ምስጋናዬ ይድረሰው

የጅቡቲ መስመር ሹፌሮች፣ ወገብና ትከሻ ያስቸገራችሁ ካላችሁ አንድ ሰው ልጠቁማችሁ። አዳማ የሚሠራ ወጣት የማሳጅ ባለሙያ ነው። ሳላስፈቅደው ስሙንና ስልኩን አልለጥፍም፤ የምትፈልጉ በውስጥ አናግሩኝ።

ጋላፊ ድንበር ላይ ወረፋ ጠብቆ፣ የአፋርን ሙቀት አቋርጦ፣ ቀኑን ሙሉ መሪ ጨብጦ መዋል ምን እንደሚያደርግ ለእናንተ አይነገርም። እኔማ አንገቴ ተይዞ ዞር ብዬ መስታወት ማየት አቅቶኝ ነበር። ከዚህ በፊት ሌላ ቦታ «ዲፕ ቲሹ» (ጠለቅ ብሎ የሚገባ ማሳጅ) ብለው በክርን ደቁሰውኝ ጀርባዬ በልዞ ከርሟል። አመመኝ ስል «ቻለው እንጂ፣ ወንድ አይደለህ!» ነበር መልሱ።

ይሄኛው ገና ሳልተኛ ጥያቄ ጀመረ። ግፊት አለብዎት? የደም ማቅጠኛ ይወስዳሉ? ወደ እግር የሚወርድ መደንዘዝስ? ከዚያ በመዳፉ ላይ ላዩን ቀስ ብሎ ያሞቃል፤ ጡንቻው ሲላላለት ብቻ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ያውም አየር ሳወጣ ጠብቆ። «ሕመሙ ከ10 ስንት ነው? ከ6 ካለፈ ይንገሩኝ» ይላል። እኔ እንደ ልማዴ ዝም። ትከሻዬ ሥር ያለችውን ቋጠሮ ሲይዛት ግን ሳይታወቀኝ የእግሬን ጣቶች አጥፌ ኖሮ ወዲያው ክርኑን አነሳ። «ጋሼ፣ እርስዎ ዝም ቢሉም እግርዎ ነግሮኛል» አለኝ። ጡንቻ ሲያመው ራሱን ለመከላከል ይኮማተራል፣ የተኮማተረን በጉልበት መግፋት ትርፉ ድካም ነው ባይ ነው። ነዳጅ የምሰጠው በቀኝ እግሬ ስለሆነ ቀኝ ዳሌዬ ላይ ብዙ ቆየ፤ ወገቤ የቀለለኝም ከዚያ በኋላ ነው።

በጣም ያስገረመኝ ግን ሌላ ነው። አንድ ባልደረባዬን ወሰድኩለት፤ አንደኛው ባቱ አብጦ ሲተኩስ ሲያገኘው ጭራሽ አልነካውም። ረጅም ሰዓት የተቀመጠ ሰው እግሩ ላይ ደም ሊረጋ ይችላል፣ ከታሸ ደግሞ የረጋው ተነስቶ ሳንባ ሊዘጋ ይችላል ብሎ ሳንቲም ሳይቀበል ወደ ሆስፒታል ሸኘው። በዚህ ኑሮ ከደጅ የመጣ ገንዘብ የሚመልስ ስንቱ ነው?

ዋጋው ረከስ ያለ አይደለም፣ ክፍሏም ጠባብ ናት። ያቺን የምትደጋገም የፒያኖ ሙዚቃ ደግሞ ቢተዋት ደስ ይለኛል። ያለ ቀጠሮ አይቀበልም፤ ጥብስ በልታችሁም በቀጥታ እንዳትሄዱ። ዲስክ ነው የተባላችሁ የምርመራ ወረቀታችሁን ያዙ፣ ሳያይ አይጀምርም።

እጅህ ይባረክ ወንድሜ!