ቀፎው ደህና፣ ልብሱ ጉድ

የጦር መርከብ ሞዴል እየሠራን ውሃ ላይ በእውነት የምናታኩስበት ጨዋታ አለን። ለዚሁ የጀርመኗን የጦር መርከብ የ«ግራፍ ሽፔ»ን ሞዴል ቀፎ፣ ማለት የመርከቧን ገላ፣ በ1፡144 ልኬት ከነባልሳው (በጣም ቀላል እንጨት ነው) በአንድ ካርቶን ገዛሁ። ርዝመቷ 1.29 ሜትር ነው። እንደ ሕፃን አቅፌ ነው ቤት ያስገባኋት።

ከቀፎው ልጀምር። ፋይበርግላሱ ሳይጣመም ደርሷል። ክር ወጥሬ አየሁት፣ ቀጥ ያለ ነው። የጎኑ መስኮቶች በመስመር ተለይተዋል፤ መቁረጡ ግን የገዢው ሥራ ነው። ጎድን ጎድኑ ብቻ እስኪቀር ሁለት ምሽት ፈጀብኝ። አፍና አፍንጫችሁን ሳትሸፍኑ እንዳትሞክሩት። ብናኙ ገላ ላይ ሲያርፍ ደግሞ እንደ ሳማ ይለበልባል።

መስኮቱ የሚከፈተው ባልሳ ሊለብስ ነው። በጋዝ ግፊት የሚተኮሰው 4.5 ሚሜ የብረት ብይ ጎኑን መብሳት አለበት። የማይበሳ መርከብ ይዞ መምጣት ማጭበርበር ነው። ስለዚህ ልብሱ 0.8 ሚሜ ባልሳ ብቻ ነው።

ሻጩ ጉድ የሠራኝ እዚህ ላይ ነው። ካርቶኑ ውስጥ ያሉት ስድስት ስስ ጣውላዎች ለዓይን አንድ ናቸው። በጣት ሲጫኗቸው ግን ሁለቱ እንደ ስፖንጅ ይሰረጉዳሉ። ገብቶኛል፣ ግን ቸኮልኩ። ግራውን ጎን በለስላሳዎቹ አለበስኩት። የፊተኛውን ኩርባ ለብ ባለ ውሃ ነክሬ፣ በልብስ መቆንጠጫ ይዤ አሳደርኩት። ሸጋ ሆኖ ታጠፈ። ከውጭ ስስ ወረቀት በላከር ለጠፍኩበት። ከውስጥም መለጠፍ ነበረብኝ፣ ሰነፍኩ።

የመጀመሪያው ውጊያ ላይ ቀኝ ጎኗ ስምንት ቦታ ተበሳ። ሁሉም ክብ፣ ምስማር የበሳው ነው የሚመስለው። ውስጧ ያለው ፓምፕ የገባውን ውሃ እየተፋ ቻለው። ግራው የተመታው ሦስቴ ብቻ ነው። አንዷ ብይ ግን ከውሃ መስመር በታች ገብታ የእንጨቱን ጭረት ተከትላ ቀደደችው፤ ስንጥቁ ጣቴን ያህላል። በጨዋታችን የነጥብ አቆጣጠር አንድ ቀዳዳ ከውሃ በላይ 10 ነጥብ፣ መስመሩ ላይ 25፣ ከታች 50 ነው። ነጥቡስ ይቅር። ፓምፑ ለስንጥቅ አቅም አጣ፣ ሰመጠች።

እውነተኛዋን ሽፔን እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1939 ሞንቴቪዲዮ አቅራቢያ ያሰመጧት የራሷ ሰዎች ናቸው። የእኔንም ግማሹን እኔው ነኝ ያሰመጥኳት።

ለሻጩ የስንጥቁን ፎቶ ላክሁለት። «እንጨት አይደል፣ አንዱ ካንዱ ይለያያል» አለኝ። ልክ ነው፤ እየለየ ማሸግ ያለበትም ለዚሁ ነው።

ቀፎውን ዛሬም እገዛዋለሁ። ባልሳውን ግን ለብቻ፣ ጣውላውን አንድ በአንድ የኩሽና ሚዛን ላይ እያስቀመጥኩ ነው የምመርጠው። ከሌሎቹ በጣም የቀለለውን አልነካውም። አሁን ግራ ጎኗን ልጬ እንደገና እያለበስኳት ነው። የለስላሳዎቹ ጣውላዎች ቁርጥራጭ የመድፍ መሞከሪያ ሆኗል።