በጥቅምት ነፋስ በላንጎለን ቦይ፦ የአንድ ቀን የጀልባ ኪራይ

ባለፈው ጥቅምት፣ በሰሜን ምሥራቅ ዌልስ ከምትገኘው የትሬቨር መንደር፣ ለአንድ ቀን ጀልባ ተከራይተን በላንጎለን ቦይ ላይ ስንጓዝ ዋልን። አብረን የሄድነው ባለቤቴ፣ ሁለቱ ልጆቻችን፣ ከባሕር ዳር ሊጠይቁን የመጡት አክስቴና እኔ ነን። በአካባቢው ጀልባ የሚያከራዩ ድርጅቶች ከአንድ በላይ ናቸው፤ የእኛን በስም የማልጠቅሰው ቅሬታዬን በዕለቱ ለራሳቸው ስለ ነገርኋቸው ነው። አገልግሎቱን በጥቅሉ ወድጄዋለሁ። ሆኖም በዚህ ወቅት ጀልባ የሚያከራይ ሰው ተከራዩን ስለ ነፋስ ሳይነግር መሸኘት የለበትም፤ ይህን እንድጽፍ ያነሳሳኝም ይኸው ነው።

ጀልባው ናሮውቦት የሚባለው ዓይነት፣ ረጅምና ጠባብ የብረት ጀልባ ነው። ወርዱ ከ2 ሜትር ብዙም አይበልጥም፤ ምክንያቱም ከሁለት መቶ ዓመት በፊት የተቆፈሩት ጠባብ ቦዮች፣ ጀልባ የሚያልፍባቸው የውሃ በሮቻቸው የተለኩት በፈረስ እየተጎተተ ጭነት ለሚያመላልስ ቀጭን ጀልባ ነበር። የእኛው በናፍጣ ሞተር ይሄዳል። ውስጡ ንጹሕ ሲሆን ጠረጴዛ፣ የጋዝ ምድጃ፣ ማንቆርቆሪያ፣ ስኒዎችና ሽንት ቤት አለው። ኪራዩ የሚታሰበው በጀልባ እንጂ በሰው ቁጥር ስላልሆነ ለቤተሰብ ያዋጣል፤ መንጃ ፈቃድም አይጠየቅም። የሕይወት ማዳኛ ጃኬት ለሁላችንም፣ ለትንሿ ልጄ ደግሞ በልኳ፣ ሳንጠይቅ አምጥተው አልብሰውናል፤ ለዚህ ከልብ አመሰግናቸዋለሁ።

ከረፋዱ 4 ሰዓት ላይ አንድ ወጣት ሠራተኛ ሩብ ሰዓት ያህል አስተማረን። ትሕትናው የሚመሰገን፣ ትምህርቱም እስከ ደረሰበት ድረስ ግልጽ ነበር። የመሪው ዘንግ ወደ ግራ ሲገፋ ጀልባው ወደ ቀኝ እንደሚዞር፣ ፍሬን ስለሌለው ለማቆም ሞተሩን ወደ ኋላ ማስገባት እንደሚያስፈልግ፣ ጀልባው ከዳሩ ድንጋይ ጋር ሊጋጭ ሲል እጅም ሆነ እግር በመካከል ማስገባት ክልክል እንደሆነ አሳየን። በቦዩ ላይ የሚፈቀደው ከፍተኛ ፍጥነት በሰዓት 4 ማይል፣ ማለትም 6 ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ መሆኑንም ነገረን። ስለ ነፋሱ ግን አንዲት ቃል አልተነፈሰም፤ ያውም በዙሪያችን ያሉት ዛፎች ከሥራቸው የሚነቀሉ እስኪመስል ድረስ እየተወዛወዙ።

ከትሬቨር እንደ ወጡ ወዲያው የሚገጥመው የፖንትከሰልቴ የውሃ ድልድይ ነው። መሐንዲሶቹ ቶማስ ቴልፎርድና ዊልያም ጄሶፕ የሠሩት፣ እ.ኤ.አ. በ1805 የተከፈተ፣ 307 ሜትር የሚረዝም፣ ከዲ ወንዝ በላይ 38 ሜትር ከፍ ብሎ በድንጋይ ምሰሶዎች ላይ የተዘረጋ የብረት ገንዳ ነው፤ ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2009 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። በአንድ ወገኑ አጥር ያለው የእግረኛ መንገድ አለ። በሌላው ወገን አጥር የሚባል ነገር የለም፤ የገንዳው ከንፈር ከውሃው በላይ ትንሽ ብቅ ይልና ከዚያ ወዲያ ባዶ አየር ነው። ነፋሱ ሸለቆውን ይዞ ከምዕራብ፣ አጥር ከሌለው ወገን ይመጣ ስለ ነበር ጀልባውን ከእግረኛው መንገድ ጋር አጣብቆ፣ ጎኑን ብረት ለብረት እያፋተገ አሻገረን። ገንዳው የሚበቃው ለአንድ ጀልባ ብቻ በመሆኑ ጀልባው ከመስመሩ የሚወጣበት መንገድ የለም፤ ይህን አስቀድሞ የነገረን ቢኖር ኖሮ ባለቤቴ ድልድዩን ሙሉ ልጆቹን ጨምቃ አቅፋ ባልተሻገረች ነበር። አንድ ቢጫ ቅጠል ከገንዳው ከንፈር ላይ ተጣብቆ ሲርገበገብ ቆየና ነፋሱ ነቅሎ ወሰደው፤ ትንሿ ልጄ ከእናቷ ክንድ ሥር አንገቷን አውጥታ፣ ታች ወንዙ ጋ እስኪጠፋ ድረስ በዓይኗ ሸኘችው። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ቦታ አላየሁም።

የባሰው የመጣው ግን ከዚያ ቀጥሎ፣ ፍሮን በሚባለው መንደር፣ በእጅ እየተዘወረ የሚነሳው ድልድይ ጋ ነው። ታላቁ ልጄ መዘውሪያውን ይዞ ወርዶ ድልድዩን እስኪያነሳ ድረስ የሞተሩን ኃይል ቀንሼ ጠበቅሁት። ስሕተቱ እዚህ ላይ ነበር። የጀልባው ሆድ ዝርግ ነው፤ ውሃ ውስጥ የሚገባውም ጥቂት ነው። ከውሃው በላይ ያለው ረጅም የብረት ግድግዳ ግን ነፋሱን እንደ ሸራ ይቀበላል፤ መሪው ደግሞ በደንብ የሚታዘዘው ፕሮፔለሩ ውሃ ሲገፋበት ነው። ፍጥነቱ ሲሞት ጀልባውን የሚነዳው ነፋሱ ይሆናል። የጀልባው ፊት ተወስዶ ከዳር ካለው ቁጥቋጦ ውስጥ ተሰካ፤ ወደ ኋላ ባስገባሁት ጊዜ፣ ኋሊት ሲሄድ መሪ አይሰማምና ይብስ ተጋደምን። ሃያ ደቂቃ ያህል እንዲሁ ቆየን። አክስቴ ጋቢያቸውን እንደ ተከናነቡ ከፊት ተቀምጠው ሲመለከቱ ቆይተው፣ «ልጄ፣ ጣና ላይ እኮ ታንኳ የሚቀዝፍ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚያየው ነፋሱን ነው፤ ሳይነሳ በማለዳ ነው የሚሻገረው» አሉኝ። በመጨረሻ ውሻውን ይዞ በቦዩ ዳር ያልፍ የነበረ ሰው ቆሞ አስረዳን፦ ፊቱን በረጅሙ እንጨት ከዳር ግፉት፣ ወዲያው ሞተሩን በኃይል ስጡት፣ አፍንጫውን በትንሹ ወደ ነፋሱ አዙራችሁ ያዙት፤ ጀልባው ሰያፍ ቢሄድም መንገዱን አይለቅም። እንዳለው አደረግን፤ ወጣንም። ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ አልተቸገርንም። ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ምክር ነበር፤ ማግኘት የነበረብንም ኪራይ ከከፈልንበት ቦታ ነው።

መድረሻችን ወደ ነበረችው የቸርክ ከተማ የሚወስደው ቀሪው መንገድ ጸጥ ያለ ነው። 421 ሜትር በሚረዝመው የቸርክ ዋሻ ውስጥ መብራት አብርተን ስንገባ ነፋሱ በር እንደ ተዘጋበት ያህል ቀጥ አለ፤ የዝንጅብል ሻያችንን የጠጣነው ያን ጊዜ ነው። የወደቁት ቅጠሎች ፕሮፔለሩ ላይ ሲጠመጠሙና ጀልባው ሲከብድ፣ ሞተሩን ለአፍታ ወደ ኋላ ማስገባት ያራግፋቸዋል፤ ይህን ወጣቱ ሠራተኛ በደንብ አስተምሮን ነበር።

ስለ ሰዓቱ አንድ ነገር ልጨምር። ይህ ቦይ እንደ ሌሎቹ የቆመ ውሃ አይደለም፤ ከላንጎለን በላይ ከዲ ወንዝ የሚጠለፍ ውሃ ስለሚሄድበት፣ ከትሬቨር ወደ ቸርክ ሲወርዱ ያግዛል፣ ሲመለሱ ይገዳደራል። ስንሄድ ሁለት ሰዓት የወሰደብን መንገድ ስንመለስ ወደ ሦስት ተጠጋ። ጀልባውን ለማስረከብ ከተቀጠርንበት ከ10 ሰዓት ሦስት ሩብ ሰዓት ያህል ዘግይተን፣ ጣቶቼ ከዘንጉ ላይ አልላቀቅ ብለው ደረስን። መሪ የሚይዘው ሰው ከኋላ፣ ጣራ በሌለበት ቆሞ ነው የሚውለው፤ «በጥቅምት አንድ አጥንት» ያሰኘው የአገራችን ብርድ ከዚህኛው ጋር አይወዳደርምና ወፍራም ጓንትና ዝናብ የማያስገባ ካፖርት ሳይዙ መሄድ አይገባም።

ኃላፊዋ ስለ መዘግየታችን ቅጣት አልጠየቀችንም። ስለ ነፋሱ ያልሁትን አቋርጣ ሳትመልስ እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝ፤ በመነሻው ትምህርት ውስጥ እንደምታስገባውም ቃል ሰጠችኝ። ለፋሲካ ሰሞን ደግመን ለመከራየት ተነጋግረናል። አክስቴ በበኩላቸው የሰጡን ትእዛዝ አንድ ነው፦ ነፋሱ ሳይነሳ፣ ገና በማለዳ እንድንወጣ።