አይሴክ፦ በውጭ አገር የክረምት ኢንተርንሺፕ ለሚፈልግ የቢዝነስ ተማሪ

አይሴክ በ1948 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ፣ ወጣቶችን ለሥራ ልምድና ለበጎ ፈቃድ ወደ ውጭ አገር የሚልክ፣ ወጣቶች ራሳቸው የሚመሩት ድርጅት ነው። ለቢዝነስ ተማሪ የሚጠቅመው «ግሎባል ታለንት» የተባለው የኢንተርንሺፕ ፕሮግራሙ ነው። «ግሎባል ቮለንቲር» የበጎ ፈቃድ ሥራ ስለሆነ የፋይናንስ ወይም የማርኬቲንግ ልምድ ፈልጎ ለሚሄድ አይሆንም፤ ብዙ ተማሪ እዚህ ላይ ይሳሳታል።

ክፍት የሥራ ቦታዎቹን ድረ ገጹ ላይ በአገርና በሙያ እየለዩ ማየት ይቻላል፤ ይህ በእውነት ደስ ይላል። ድክመቱ የአገልግሎቱ ጥራት ከከተማ ከተማ መለያየቱ ነው፤ ምክንያቱም አስተባባሪዎቹ በየጊዜው የሚቀያየሩ ተማሪዎች ናቸው። ስለዚህ አንድ ቦታ ላይ ብቻ አመልክቶ መጠበቅ አያዋጣም።

ከመፈረም በፊት እነዚህን በጽሑፍ ይጠይቁ፦ የዕለት ሥራው ምንድን ነው፣ የቅርብ ኃላፊው ማን ነው፣ አበል ስንት ነው፣ ቤት ኪራይ ማን ይከፍላል። «ቢዝነስ ዴቨሎፕመንት» የሚለው ማዕረግ ቀኑን ሙሉ ደንበኛ ፍለጋ ስልክ መደወል ሊሆን ይችላል። ለድርጅቱ የሚከፈለው ክፍያ የአውሮፕላን ትኬትን አይጨምርም።

ቪዛው ከሁሉ ይብሳል። በቱሪስት ቪዛ ገብቶ መሥራት በብዙ አገር ሕገወጥ ነው፤ የግብዣ ደብዳቤው የቪዛውን ዓይነት መደገፍ አለበት። ፍለጋውን ከስድስት ወር በፊት ይጀምሩ፤ ቪዛው ሳይታተም ትኬት አይግዙ።